የወግ እምቢታ

እሁድ ጠዋት ብርቅነሽ ከቅዳሴ ስትመለስ ቤቷ አልገባችም፤ ነጠላዋን እንዳጣፋች በቀጥታ ወደ ቀበሌው አዳራሽ አመራች። ስብሰባ የቀረ ሰው ስሙ ይያዛል፤ ስሙ የተያዘ ሰው ደግሞ ከቀበሌው ሱቅ የወር ስኳሩን አያገኝም። ስለዚህ በ1973 ዓመተ ምሕረት ጉለሌ ውስጥ ስብሰባ የሚወድ ሰው ባይኖርም ስብሰባ የሚቀር ሰው አልነበረም። ስኳር የማይወድ የለማ።

አዳራሹ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሰው ይታሰርበት ስለነበር፣ ሴቶች ሲገቡ እስካሁን ድረስ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ አስከሬን ያለበት ቤት እንደገባ ሰው። ግድግዳው ላይ በትልልቅ ቀይ ፊደላት «ያለ ሴቶች ተሳትፎ አብዮቱ ግቡን አይመታም» ተብሎ ተጽፏል። ከጽሑፉ ሥር ባሉት አግዳሚ ወንበሮች ላይ የተቀመጡት ግን ወንዶች ናቸው። ሴቶቹ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ቆመዋል። ደግነቱ ፊደሉ ትልቅ ስለሆነ ከዚያም ሆኖ ይነበባል።

የዕለቱ ጉዳይ የፍርድ ሸንጎ ምርጫ ነበር። ፍርድ ሸንጎ ማለት የሰፈሩን ጠብ የሚዳኙ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ የአጥር ጠብ፣ የኪራይ ጠብ፣ የባልና የሚስት ጠብ። ሥራቸውን የሚያስረክቡት ዳኞች ሦስቱም ወንዶች ናቸው። ብርቅነሽ ሌላ ጊዜ ቢሆን ማንም ይመረጥ ማን ጉዳይዋ አልነበረም፤ ፈትሏን ትፈትላለች፣ ባሏ ጌጡ ይሸምናል፣ ሽሮ ሜዳ ወስደው ይሸጣሉ፣ አለቀ። የዚያን እሁድ ግን ሆዷ ውስጥ አንድ ነገር ነበር። ዓለሜ።

ዓለሜ የጎረቤት ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት አንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት ተወችላት። ከዚያ ታረቀኝ የሚባል የጎሚስታ ቤት ሠራተኛ አገባች። ሰውየው አንድ ፍራሽና አንድ ሬዲዮ ይዞ ቤቷ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ «ቤት በአባወራ ስም ነው የሚመዘገበው» ተባለና ቤቱ በስሙ ዞረ። ቤቱ ከዞረ በኋላ እጁም ዞረባት። ቀኑን ሙሉ የከባድ ማኪና ጎማ ሲፈታ የሚውል እጅ ነው።

ዓለሜ ሸንጎ ቀርባ ከሰሰች። ዳኞቹ አዳመጡ፣ ጢማቸውን ደባበሱ፣ ከዚያ «ልጄ፣ ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል፤ ታረቂ» አሏት። ደግማ ከሰሰች። «ታረቂ።» እንግዲህ የባሏ ስም ታረቀኝ፣ የሸንጎው ፍርድ ታረቂ! ምስኪኗ ልጅ ማን ከሳሽ፣ ማን ተከሳሽ፣ ማን ዳኛ እንደሆነ እስኪምታታባት ድረስ ሰፈሩ በሙሉ ታረቂ፣ ታረቂ ይላት ነበር። መጨረሻ ላይ በሌሊት ልብሷ ብርቅነሽ ቤት ሸሽታ ገባች። ከዚያ ሆና «ልለየው፤ የእናቴ ቤትም ይመለስልኝ» ብላ አዲስ ክስ አስጻፈች። ይህን ክስ የሚያዩት ዛሬ የሚመረጡት ዳኞች ናቸው። እነሱም «ታረቂ» ካሉ ሌላ በር የላትም።

«ከሦስቱ አንዷ ሴት ትሁን» የሚለውን ሐሳብ ያመጣችው ደሳለች ናት። ደሳለች በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብርቅነሽን ፊደል ያስቆጠረች የግቢያቸው ሰው ናት።

«ለምን አንቺ አትሆኚም? የተማርሽው አንቺ» አለቻት ብርቅነሽ።

«እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ቤተ ክርስቲያናችን እንኳ ታሽጓል። የኔ ስም ከተነሳ ስለ ዓለሜ ሳይሆን ስለኔ ነው የሚወራው። ብርቄ፣ በዚህ ሰፈር ስንት ባልና ሚስት አስማምተሻል? ስንቱን ‹በቃ ተለያዩ› ብለሽ በሰላም ሸኝተሻል? ያንኑ ነው በወንበር ላይ ሆነሽ የምትሠሪው።»

ብርቅነሽ እንዝርቷን አንሥታ መፍተሏን ቀጠለች። እምቢ አለማለቷ እሺ ማለት እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

ወደ አዳራሹ እንመለስ። ግራ እጅ ተነሥቶ መፈክር ተባለ፤ የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ይገዙ ጉሮሮውን ጠረገና «ጥቆማ!» አለ። አንዱ ተነሥቶ አቶ ቶሎሳን ጠቆመ። አቶ ቶሎሳ ከቆዳ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ብድግ አሉና ባርኔጣቸውን አውልቀው «ኧረ እኔ ለዚህ አልበቃም፤ ከኔ የተሻለ ሰው ሞልቷል» አሉ።

«ይበቃሉ! ይበቃሉ!» አለ አዳራሹ።

«እንግዲህ ሕዝብ ካለ…» ብለው ተቀመጡ።

ቀጥሎ ለታ ተጠቆመ፤ ዳቦ ቤት ያለው ወፍራም ሰውዬ። «እኔ አልበቃም፤ ለሌላ ይሁንልኝ» አለ። «ትበቃለህ!» ተባለ። «እንግዲህ ሕዝብ ካለ…»

ይህ ወግ ነው። ሰው ቤት በእንግድነት ሄዶ «ብሉ» ሲሉት ዘሎ እጁን የሚታጠብ ሰው የለም። መጀመሪያ «በልቼ ነው የመጣሁት» ይባላል። ባለቤቱ «በሞቴ» ይላል። እንግዳው «ኧረ ጠግቤያለሁ» ይላል። «አፈር ስሆን!» ከዚያ ይበላል፤ ያውም ጥርግ አድርጎ። ሹመትም እንደዚያው ነው። ተጠቋሚ እምቢ ይላል፣ ሕዝብ ይለምናል፣ ተጠቋሚ ይሸነፋል። በዚህ የተሸወደ ሰው እስከዚያ ቀን ድረስ አልታየም።

ደሳለች እጇን አወጣች። «ጓዲት ብርቅነሽን እጠቁማለሁ።»

አንገቶች ሁሉ ወደ ኋላ ዞሩ። ብርቅነሽ ጆሮዋ ጋለ። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ራመድ አለችና፣ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ከለል አድርጋ፣ እናቷ እንዳሳደገቻት፣ ሁለቱ ወንዶች ያሉትን እሷም አለች፦

«ኧረ እኔ ለዚህ አልበቃም፤ ከኔ የተሻለ ሞልቷል።»

«ጓዲት ራሳቸውን አግልለዋል» አለ ይገዙ። «ቀጥሎ!»

ደሳለች «ትበቃለች!» ስትል ድምፅዋ በሚቀጥለው ተጠቋሚ ጭብጨባ ተዋጠ። ብርቅነሽ ባለችበት ቆማ ቀረች። «ጠግቤያለሁ» ብላ ገና በሞቴን ስትጠብቅ ማዕዱ የተነሣባት እንግዳ ሆነች። መቀመጫ ስላልነበራት መቀመጥም አልቻለችም። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ማለት ይህ ነው።

ሆኖም ድምፅ ሳይሰጥ፣ ከበላይ አካል የመጣ ታዛቢ ሰው ሲያስቆጥር ግማሹ ተሰብሳቢ ስሙን አስመዝግቦ በጓሮ ሹልክ ብሏል። «ምልዓተ ጉባኤው አልተሟላም» አለ። «ለሚቀጥለው እሁድ፤ ጥቆማውም እንደ አዲስ ይጀመራል። እስከዚያ የቀድሞዎቹ ዳኞች ይሠራሉ።» ሰው ሁሉ አጉረመረመ። ብርቅነሽ ግን ምንም አልተሰማትም፤ መሬት መሬቱን እያየች ወጣች።

ቤት ስትደርስ ልጇ ሰናይት ቀድማት ሰምታለች። ሰናይት ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ምላሷ ግን ከዚያ ይበልጣል።

«እማዬ፣ ለምን አልበቃም አልሽ?»

«ወግ ነዋ! ቶሎሳ አላሉም? ለታ አላለም?»

«እነሱ ወንዶች ናቸው። የወንድ አልበቃም ማለት እበቃለሁ ነው። የሴት አልበቃም ደግሞ አልበቃም ነው።»

«ማን አስተማረሽ ይሄን?»

«አንቺ። ዛሬ።»

 ጌጡ ከሸማው ጉድጓድ ሳይወጣ፣ መወርወሪያውን ወዲያ ወዲህ እያደረገ «ደግ አደረገች» አለ። «በዚያ አዳራሽ ስም ማስጠራት ምን ያደርግላታል?»

 የጌጡ ታናሽ ወንድም ነገራ፣ ስሙ በዚያ አዳራሽ በተጠራ ዕለት ወጥቶ አልተመለሰም። በዚያ ቤት ውስጥ ስለ አዳራሹ ሲነሣ ወሬው እዚያ ላይ ይቆማል።

ረቡዕ ዕለት የቀድሞዎቹ ዳኞች ዓለሜን አስጠሩ። ታረቀኝ «ሚስቴን ጎረቤት ደብቆብኛል» ብሎ ከሶ ነበር። ዳኞቹ ሊሰናበቱ ትንሽ ቀን የቀራቸው ስለሆኑ ነገር ማክረር አልፈለጉም፤ «አዲሱ ሸንጎ እስኪያይሽ ድረስ እቤትሽ ግቢ» አሏት። ዓለሜ የብርቅነሽን ጉልበት ስማ ሄደች። ብርቅነሽ እስከ አጥሩ ሸኘቻት። 

ሐሙስ በምሳ ሰዓት ብርቅነሽ በር ላይ ተቀምጣ ጥጥ ስትፈትል ጩኸት ሰማች። እንዝርቱን ጥላ ሮጠች፤ ደሳለችም ሮጠች፤ የግቢው ሴቶች ሁሉ። ታረቀኝ በጓሮ ወጥቶ ሄዷል። ዓለሜ ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ ብላለች፤ ግራ ክንዷ በማይታጠፍበት ቦታ ታጥፏል። አታለቅስም። ዓይኗን ፍጥጥ አድርጋ ክንዷን ታያለች፤ የሰው ዕቃ ሰብራ የተያዘች ይመስል።

ጌጡ ሊያስረክበው ከነበረው ነጠላ ላይ በምላጭ ቀደደና ክንዷን በአንገቷ አሰረላት። የተጠናቀቀ ሸማ ነው። ጌጡ ሸማ ሲቀድ ያየው ሰው የለም፤ እሱም ራሱ አላየም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የቀደደው። ውይይት ታክሲ አስቁመው ጳውሎስ ሆስፒታል ወሰዷት።

ክንዷ በጀሶ ተጠቅልሎ ኮሪደሩ ላይ ሲጠብቁ ዓለሜ ጭንቅላቷን የብርቅነሽ ትከሻ ላይ አሳረፈች።

«እትዬ ብርቅነሽ» አለች።

«ወይ ልጄ።»

«እሁድ ስምዎን ሲጠሩ ከኋላ ቆሜ ነበር። ወደ ፊት ራመድ ሲሉ አየሁና… በቃ ተረፍኩ ብዬ ነበር።»

ሌላ ነገር አልጨመረችም። ወቀሳም አልነበረበትም። ብትወቅሳት ይሻል ነበር፤ ለወቀሳ መልስ አይጠፋም። ብርቅነሽ የልጅቷን ጸጉር ደባበሰች። እዚያው ኮሪደር ላይ፣ አልጋ የሚገፉ ሰዎች እያለፉባት፣ አንድ ነገር በሆዷ ወሰነች። ለደሳለች የነገረቻት ግን ሲመለሱ፣ ታክሲው ውስጥ ነው። «ጠቁሚኝ» ብቻ አለቻት።

መወሰን አንድ ነገር ነው፤ ቃሉን ከአፍ ማውጣት ሌላ ነው። ዓርብ ሰናይት እናቷን ማስጠናት ጀመረች።

«እኔ ይገዙ ነኝ» አለች አንገቷን አሳብጣ። «ጓዲት ብርቅነሽ ተጠቁመዋል። ምን ይላሉ?»

«ኧረ እኔ… ማለቴ…»

«አግልለዋል! ቀጥሎ!»

«ቆይ እንጂ አንቺ! ትንፋሽ ስጪኝ!»

«ይገዙ ትንፋሽ ይሰጣል? እንደገና። ምን ይላሉ?»

«እ… እ… እበ…» ብርቅነሽ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «አልችልም! ልጄ፣ ራቁት እንደ መሄድ ነው። የሰው ቤት ሄዶ ‹ራበኝ፣ አምጡ› እንደ ማለት ነው።»

ሌላም ነገር ነበረባት። በቤተ ክርስቲያን «የበቃ» ማለት በጾምና በጸሎት ኖሮ ከቅዱሳን ተርታ የደረሰ ማለት ነው። የበቃ መነኩሴ ራሱ በቅቻለሁ አይልም፤ ያለ ዕለት ብቃቱ ይነሣበታል። ታዲያ ጥጥ ፈታይዋ ብርቅነሽ ማን ናትና ነው በሕዝብ መሐል ቆማ «እበቃለሁ» የምትለው?

«ሌላ ቃል በይዋ» አለች ሰናይት።

«ምን?»

«‹እሺ› በይ።»

«ሳይለምኑኝ እሺ? እሱ ይብሳል!»

ያን ጊዜ ጌጡ ከጉድጓዱ ወጣ። ፈትል የተጣበቀበትን ሱሪውን አራገፈ፤ ቁጭ አለ። ጌጡ ከሸማ ሥራ መሐል የሚነሣ ሰው ስላልሆነ ሁለቱም ዘወር ብለው አዩት።

«ነገራን የጠሩት ዕለት» አለ። የወንድሙን ስም በቤቱ ከጠራ ዓመታት አልፈዋል። «አዳራሹ ሙሉ ሰው ነበር። እኔም ነበርኩ። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ጉንዳን የማይረግጥ ልጅ ነው። አንድ ሰው ‹ተዉት፣ አውቀዋለሁ› አላለም። እኔም አላልኩም። ሁላችንም ማን ነኝና፣ እኔ ለዚህ አልበቃም ብለን ነው።»

መሬቱን አየ።

«እሁድ የምትይውን በይ። እኔ ካጠገብሽ እሆናለሁ» አለና ተመልሶ ጉድጓዱ ገባ። መወርወሪያው ግን ለብዙ ጊዜ አልተሰማም።

እሁድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ደሳለችና የግቢው ሴቶች ቤት ለቤት ዞረዋል፤ ዓለሜም በጀሶ የተጠቀለለ ክንዷን ታቅፋ በር አጠገብ ቆማለች። የገባ ሁሉ ያያል፤ ያየ ሁሉ ፊቱን ያዞራል። ታረቀኝ ከፊት አግዳሚ ላይ እግሩን አንፈራጦ ተቀምጧል። መፈክር ተባለ። ጥቆማ ተጀመረ። አቶ ቶሎሳ አልበቃም አሉ፤ ተለመኑ፤ እሺ አሉ። ለታ አልበቃም አለ፤ ተለመነ፤ እሺ አለ። አንድ ሌላ ነጋዴም እንዲሁ።

«ጓዲት ብርቅነሽን» አለች ደሳለች።

ይገዙ ፈገግ አለ። «ጓዲት ብርቅነሽ ባለፈው ራሳቸውን አግልለው የለም እንዴ?»

«ጥቆማው እንደ አዲስ ነው» አለ የበላይ ታዛቢው፣ ቀና ሳይል።

«መልካም። ጓዲት፣ ምን ይላሉ?»

ብርቅነሽ በወንዶቹ አግዳሚ መሐል አልፋ ወደ ፊት ሄደች። ነጠላዋን ከአፏ አወረደች።  ምላሷ በለመደው መንገድ ሊሄድ ተነሣ፦

«አልበ…»

አንዱ ሳቀ። ብርቅነሽ አንገቷን ቀና አደረገች። ዓይኗን ከይገዙ ላይ ሳትነቅል፣

«እበቃለሁ» አለች።

 ከዚያ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። «ጉድ ፈላ! ራሷን ሾመች!» አለ አንዱ። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ!» አለ ሌላው። ይህን ተረት የተረተው ሰው መቼም ሴት አይደለም። ታረቀኝ ከመቀመጫው ብድግ አለና ሁለት እጁን ዘርግቶ ጎንበስ አለ። «እማሆይ! የበቁ እናት! ኑ ባርኩን!»

ሳቁ ጨመረ። ሴቶቹም ጭምር፣ እያፈሩ፣ በነጠላቸው ውስጥ ሳቁ። ብርቅነሽ ጠበቀች። ሠርግ ቤት ልቅሶ ቤት ስትሸመግል ከርማለችና ሳቅ እስኪያልቅ መጠበቅ ታውቅበታለች። ሲያልቅ ወደ ታረቀኝ ዞረች፤ ድምፅዋን አልጨመረችም።

«መች በቃሁ ልጄ» አለች። «በቅቼ አይደለም። በቅቶኝ ነው።»

በዚህ ላይ የሳቀ የለም። ከኋላ፣ ከሴቶቹ መሐል፣ አንዲት አሮጊት «በቅቶናል» አሉ፤ በጸሎት መሐል አሜን እንደሚባለው ዝግ ብለው። ሌላዋም «በቅቶናል» አለች። ቃሉ ከበሩ ጀምሮ እስከ ግድግዳው ዝቅ ባለ ድምፅ ሄደ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ መፈክርም ወግም ሳይሆን ብዙ ሰው አንድ ነገር ሲል ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነው። ይገዙ ደነገጠ። ጠረጴዛውን መታ።

«ሥርዓት! ሥርዓት! እ… ጓድ ጌጡ የት አለህ? ባለቤትህ ስትወዳደር ፈቅደሃል?»

ጌጡ ተነሣ። 

«ጓድ ሊቀ መንበር» አለ፣ «አቶ ቶሎሳ ሲጠቆሙ ሚስታቸውን ጠይቃችኋል?»

አቶ ቶሎሳ ራሳቸው ሳቁ። «እሷማ ብትጠየቅ አትፈቅድም ነበር!» አሉ። የበላይ ታዛቢው በእጁ «ቀጥሉ» አለ። ቀጠሉ።

ድምፅ በእጅ ነው የሚሰጠው። ለቶሎሳ እጅ ወጣ፤ ጫካ። ለለታ ወጣ። ለነጋዴው ወጣ፤ ሳሳ ያለ። ለብርቅነሽ ሲባል ወንዶቹ አንዱ አንዱን አየ። ሴቶቹ እጃቸውን ከነጠላ ውስጥ አወጡ፤ ግን ለመፈክር ሰማይ የሚነካው ያ እጅ ለሴት ሲሆን ጆሮ ግንድ ላይ ይቀራል፤ ዝንብ እያባረሩ እንደሆነ ለማስመሰል የሚመች ቦታ።

«ከፍ አድርጉ!» ብላ ጮኸች ሰናይት ከበሩ። ዕድሜዋ ለድምፅ መስጫ ስላልደረሰ እሷ ውጭ ነው የቆመችው። «ቆጣሪው ዓይኑ ደካማ ነው!»

ዓለሜ ደኅነኛውን እጇን ቀጥ አድርጋ አነሣች። ከሷ በኋላ አንድ በአንድ ሁሉም ከፍ አለ። ከወንዶቹም መሐል፣ እዚህም እዚያም፣ የሴት ልጅ አባት የሆኑ ጥቂት እጆች ታዩ። ተቆጠረ። ተደግሞ ተቆጠረ፤ ይገዙ ስላላመነ። ብርቅነሽ ነጋዴውን በጥቂት በልጣ ሦስተኛ ዳኛ ሆነች።

እልልታ አልነበረም። ሴቶቹ ተራ በተራ ወጡ። ስትወጣ ግን እያንዳንዷ፣ እንደ ለቅሶ ቤት፣ የብርቅነሽን እጅ ጨበጥ እያደረገች አለፈች።

የዓለሜ ጉዳይ በሳምንቱ ቀረበ። አቶ ቶሎሳ መሐል ተቀመጡ፤ ለታ በቀኝ፣ ብርቅነሽ በግራ። ወንበሩ ይቆረቁራታል፤ ከመሬት ከፍ ብላ ተቀምጣ ሰውን ቁልቁል ማየት አልለመደችም። ታረቀኝ ብዙ ተናገረ። ሥራ እንደሚደክመው ተናገረ፤ ወጡ እንደሚቀጥን ተናገረ፤ ክንዷ ወድቃ እንደተሰበረ ተናገረ። አቶ ቶሎሳ ከጳውሎስ የመጣውን የሐኪም ወረቀት አነበቡ። ለታ ጉሮሮውን ጠረገ።

«መቼም ትዳር ነው» አለ። «ልጆቼ፣ እስቲ ታ…»

«ይቆዩ፣ አቶ ለታ» አለች ብርቅነሽ። «ዓለሜ፣ አንቺስ ምንድን ነው የምትፈልጊው?»

ዓለሜ ወደ ኋላዋ ዞራ አየች፤ ሌላ ዓለሜ ያለች መስሏት።

«እኔ?»

«አንቺ።»

በዚያ ሸንጎ ስንት ጊዜ ቆማለች፤ ምን እንዳጠፋች ተጠይቃለች፣ ምን እንዳበሰለች ተጠይቃለች፣ ይህን ግን የጠየቃት አልነበረም። ረጅም ጊዜ አሰበች። 

«በሬን ከውስጥ መቀርቀር» አለች በመጨረሻ።

ለታ «ጎረቤቷ ስለሆኑ ነው፤ ለሷ ያደላሉ!» አለ በብርቅነሽ ላይ ጣቱን ቀስሮ።

«ታረቀኝም የኔ ጎረቤት ነው» አለች ብርቅነሽ። «ሁላችንም ሰምተናል፣ አቶ ለታ። የእርስዎ ዳቦ ቤት ከኔ ቤት ይልቅ ለሷ ቤት ይቀርባል። ጩኸቱን አልሰሙም?»

ለታ አንገቱን ደፋ። አቶ ቶሎሳ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ እንደገና አወለቁ። ሽማግሌ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን «ታረቁ» ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሌላ ቃል መናገር ለእሳቸውም ይከብዳል። ብርቅነሽ አላጣደፈቻቸውም። የቃል ክብደት ምን እንደሆነ አሁን ታውቃለች።

«ቤቱ የእናቷ ነበር?» አሉ በመጨረሻ።

«የእናቷ ነበር» አለች ብርቅነሽ።

«እንግዲያው ይመለስላት። እሱ ይውጣ» አሉና ፈረሙ። ብርቅነሽም ፊደሏን አንድ በአንድ እየሳለች ፈረመች። ለታ አልፈረመም። ሁለት ለአንድ ሆነ፤ ቢሆንም ፍርድ ፍርድ ነው።

ታረቀኝ ፍራሹንና ሬዲዮውን ተሸክሞ ወጣ። በዚያ ሳምንት ብርቅነሽ ዳቦ ቤቱ ስትሄድ «አልቋል» ተባለች፤ ከኋላዋ የመጣችው ግን ገዝታ ወጣች። ጎሚስታ ቤቱ ፊት ስታልፍ ወንዶቹ ሥራ አቁመው ይተፋሉ። ደሳለች «ይለምዱታል» ትላለች። ብርቅነሽ ይለምዱት አይለምዱት እንጃ፤ እሷ ግን መንገዱን አልቀየረችም። በባሎቻቸው ላይ ክስ የሚያስጽፉ ሴቶች ቀን በቀን አጥሯን ማንኳኳት ጀምረዋል፤ አንዳንዴ እንዝርቷን ሳታነሣ ይመሻል።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ያልተፈለቀቀ ጥጥ ይዛ ወደ ዓለሜ ሄደች። በአንድ እጅ መፍተል ባይቻልም ፍሬውን መልቀም ይቻላል ብላ ነው። በሩ ተዘግቷል። ቆረቆረች። መልስ የለም። እንደገና ቆረቆረች፤ ዝም።  ታረቀኝ ተመልሶ መጥቶ ይሆን? ጥጡን መሬት ላይ ጣለችና በሩን በሁለት እጇ ደበደበች።

«ዓለሜ! ዓለሜ! ልጄ!»

ከውስጥ መቀርቀሪያው ተንቀሳቀሰ። በሩ ጥቂት ገርበብ አለ። ዓለሜ ጸጉሯ ተንጨባሮ፣ ጉንጯ ላይ የትራስ ምልክት ታትሞበት፣ በብርሃኑ ዓይኗን ጨፈነች።

«ምን ሆነሽ ነው? አሞሽ ነው?»

«አይ እትዬ… ተኝቼ ነው።»

«በጠራራ ፀሐይ?»

ዓለሜ አፈረች። «መጥቶ የሚቀሰቅሰኝ የለም ብዬ ለትንሽ ጋደም አልኩ። ጠዋት ነበር የተኛሁት።» ወደ ውጭ አየች። «ስንት ሰዓት ሆነ?»

ብርቅነሽ ጥጡን ከመሬት አነሣች፤ አቧራውን አራገፈች። በሩን በቀስታ ወደ ውስጥ ገፋ አደረገችው።

«ገና ነው» አለቻት። «ቀርቅሪና ተኚ።»

መቀርቀሪያው ሲወርድ እስክትሰማ ድረስ ቆመች። ከዚያ ግቢው ውስጥ ገመድ የሚዘሉትን ልጆች «እስቲ ወዲያ ሂዱ፤ ሰው ተኝቷል» ብላ አባረረቻቸውና፣ በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጥጧን መልቀም ጀመረች።